«ለ» የሌለበት ሳጥን

የዚያን ለት ጠዋት ንጹሕ ምንጣፍ ስወቃ ነበር። በዋዜማው ወቅቼዋለሁ፤ አቧራ የሚባል ነገር የለበትም። ግን ጓሮ ካለው ሽቦ ላይ አንጠልጥዬ በመጥረጊያ እጀታ ዱም ዱም አደርገዋለሁ፣ ትንሽ አርፋለሁ፣ ጆሮዬን አቆማለሁ፣ እንደገና ዱም ዱም። እቃ ቤት ከከሰሉ ጆንያ ኋላ የተደበቀው ልጄ ሲያስለው ነው የምወቃው። ሳሉ ሲቆም አቆማለሁ። ክንዴ ዝሏል። ምን ላርግ፣ ሳል እንደሁ ዝም በል ቢሉት አይሰማ!

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። አለሚቱ እባላለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይሄን የምትጽፍልኝ የሴት ልጄ ልጅ ናት፣ እኔ አወራለሁ እሷ ትጽፋለች። ያኔ በደርግ ጊዜ ኮልፌ፣ ከአየር ጤና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ጃፓኖች ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ባልየው ሚስተር ሳቶ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍሩ ኢንጂነር ናቸው። ሚስትየውን ማዳም ነው የምላቸው። ልጅ የላቸውም። ደጎች ነበሩ፣ እግዜር ይስጣቸው። ሰው ሲያናግረኝ ግን ዓይኔን ከመሬት የማላነሳ ሴት ነበርኩ። ቀበሌ ከተባለማ ጉልበቴ ይከዳኛል።

ልጄ ደመቀ ጢሙ ገና ማቀምቀሙ ነበር። ያን ጊዜ ብሔራዊ ውትድርና ተብሎ ወጣቱ ከየመንገዱ ይታፈሳል። ዳቦ ልገዛ ብሎ ወጥቶ በዚያው የቀረ ልጅ ሰፈራችን ውስጥ አለ። እናቱ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብላ ስትውል አይቻታለሁ። እሷን ካየሁ በኋላ ልጄን አምጥቼ ጃፓኖቹ እቃ ቤት ከተትኩት። ለጃፓኖቹም አልነገርኩም። ቢያውቁ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ፤ ባያውቁ ደግሞ በነሱ ቤት ወንጀል እየሠራሁ ነው እያልኩ እጨነቃለሁ። ምግብ አልበላ አለኝ፣ እንቅልፍ የለ። ከዚያ ላይ የከሰሉ ብናኝ ጉሮሮው ገብቶ ልጁ ማሳል ጀመረ።

እዚያ ቤት አንድ ጉድ ነበር። ሳሎን ጥግ ላይ የልብስ ሻንጣ የሚያክል ማሽን አለ፤ ሁለት ማይክ አለው። ካሴት ሲከቱበት ሙዚቃው ብቻ ይመጣል፣ ዘፋኝ የለውም። መጀመሪያ ለት የተበላሸ ካሴት የሸጡላቸው መስሎኝ አዝኜላቸው ነበር። ለካ ዘፋኙ እንግዳው ነው! ካራኦኬ የሚባል መሆኑን ኋላ ነው የሰማሁት።

ካሴቶቹ የሚቀመጡት መሳቢያ በመሳቢያ የሆነ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው። እኛ አገር ዘፈን በዘፋኙ ነው የሚለየው፣ የእገሌ ነው፣ የእገሊት ነው ይባላል። እነሱ ሳጥን ውስጥ ግን በዘፈኑ ስም መጀመሪያ ነው። ስሙ በ«ካ» የሚነሳ «ካ» መሳቢያ ይገባል፤ «ኪ»ም «ኩ»ም ከሱው ጋር ነው። በ«ሳ» የሚነሳ «ሳ» መሳቢያ። አ፣ ካ፣ ሳ፣ ታ፣ ና፣ ሃ፣ ማ፣ ያ፣ ራ፣ ዋ። ዛሬም ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እላቸዋለሁ። ላያቸው ላይ የተጻፈውን አላውቀውም፤ ቦታውን ነው የማውቀው። የቅመም ጣሳዬን ኮረሪማው የቱ፣ ጥቁር አዝሙዱ የቱ እንደሆነ ሳልከፍት እንደማውቀው ማለት ነው።

እሁድ እሁድ ያገራቸው ሰዎች ይመጣሉ። ጨዋታቸው እንዲህ ነው። አንዱ ይነሳና የራሱን ስም መጀመሪያ ይጮሃል፣ «ታ!» ብሎ። እኔ ከ«ታ» መሳቢያ እጄ ላይ የመጣውን አወጣለሁ። የወጣለትን መዝፈን አለበት፣ ቢችልም ባይችልም። ሲያጠፋ ሌሎቹ ምንጣፉ ላይ ይንከባለላሉ። ሚስተር ሳቶ ሁልጊዜ «ሳ» ነው የሚደርሳቸው። ድምፃቸው ደግሞ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ በር ሲከፈት የሚያሰማው ዓይነት ነው። አንድ ነገር ደግሞ አይሆንላቸውም፣ «ለ» ማለት። አረሚቱ ነው የሚሉኝ። ማዳም እንዳስረዱኝ በቋንቋቸው «ለ» የሚባል ድምፅ የለም። ስለዚህ ሳጥኑም ውስጥ የለም።

በአጥር ማዶ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ጠላ የሚሸጡ ጎረቤት አሉ። አጥራችን ቆርቆሮ ነው፣ ቀዳዳው ብዙ። እሳቸው ደግሞ ዓይናቸው ሁሉንም ያያል፣ ቤታቸው አብዮት ጥበቃዎች ይጠጣሉ። ስለዚህ እኔ እሳቸውን እንደ እሳት ነበር የምፈራው።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ቅዳሜ ነው። ጃፓኖቹ ሶደሬ ሄደዋል። ዘበኛውም ቤቱ ሄዷል። እኔ ዱም ዱም እያደረግኩ ሳለ የግቢው በር ተደበደበ።

«ማነው?»

«ክፈቺ! ከቀበሌ ነው!»

መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ። ልጄ እንዲሰማ ብዬ ጮክ አልኩ፣ «እንዴት አደራችሁ የቀበሌ ሰዎች! መጣሁ፣ መጣሁ!»

ሦስት ናቸው። ፊት ለፊት የቆሙት ጓድ ካሳሁን ናቸው፣ የአብዮት ጥበቃው አለቃ፣ ሆዳቸው ቀበቷቸውን የሸፈነው። ሁለተኛው ማሞ ነው፤ ሳይቀልድ የማይውል። ሦስተኛው ለገሰ የሚባል፣ ከገጠር የመጣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ጠመንጃ አንግቷል።

«ፈረንጆቹስ?» አሉ ጓድ ካሳሁን።

«ሶደሬ ናቸው። ነገ ማታ ነው የሚመጡት።»

«ጥሩ። እዚህ ቤት የሬዲዮ መገናኛ አለ ተብሎ ተጠቁመናል።»

«የምን መገናኛ ጌታዬ?»

«ጌታዬ የሚባል የለም፣ ጓድ በይ። እሁድ እሁድ አንዱ ‹ካ› ይላል፣ አንዱ ‹ና› ይላል፣ ከዚያ ማሽን ይጮሃል። ሰው በፊደል የሚነጋገር ምን ሊሆን ነው? ኮድ ነው!»

«ኮድ ነው» አለ ማሞ። «የአክስቴ ልጅ ባሕር ኃይል ነው፣ እንደዚህ ነው የሚያደርጉት። ‹ካ› ማለት መርከብ ማለት ሊሆን ይችላል።»

«ግቢው ሁሉ ይፈተሻል» አሉ ጓድ ካሳሁን። «ለገሰ፣ ከጓሮ ጀምር። እቃ ቤቱን አይተህ ወደ ውስጥ ትገባለህ።»

ያን ጊዜ ያለችኝ አንዲት ነገር አፌ ብቻ ናት። አፌ ደግሞ እንኳን ለሦስት ታጣቂ ለሥጋ ሻጭም መልስ አታውቅም። ግን ተናገረች።

«ማሽኑ እኮ ጓሮ አይደለም! ሳሎን ነው ያለው። ማሽን ፈልጋችሁ መጥታችሁ ከሰል ምን ያደርግላችኋል?»

ከሰል ማለቴን ራሴ ሰምቼ ደነገጥኩ። ማነው ከሰል የጠየቀኝ? እነሱ ግን ልብ አላሉትም። ጓድ ካሳሁን ወደ ሳሎኑ ዞሩ።

«መጀመሪያ ማሽኑን አሳይን። ጓሮው የትም አይሄድ።»

የሳሎኑ መስኮት ከእቃ ቤቱ አምስት እርምጃ አይርቅም። ልጄ ካሳለ ይሰማል። እና ምን አሰብኩ፣ ሙዚቃው ካለ ሳሉ አይሰማም። ሙዚቃው እንዳይቋረጥ ማድረግ ነው። ገብቼ ሶኬቱን ሰካሁ።

«በሉ ጓድ፣ ኮድ መሆን አለመሆኑን እርስዎ ራስዎ ይዩት። ስምዎ ካሳሁን አይደል? ‹ካ› ይበሉ።»

«ምን አልሽ?»

«‹ካ› ይበሉ። እኔ በ‹ካ› የሚጀምር ዘፈን አወጣለሁ። ይኸው ነው ጨዋታው።»

ተጠራጥረው አዩኝ። «ካ» አሉ ቀስ ብለው፣ እንደሚፈነዳ ነገር።

ሁለተኛውን መሳቢያ ሳብኩ፣ እጄ የገባውን ካሴት ከተትኩ፣ ድምፁን ለቀቅኩት። ሲጀምር ከበሮ ነው፣ ቀጥሎ ጥሩምባ። ሦስቱም ክው ብለው ቆሙ። ማይኩን ሰጠኋቸው።

«ምን ላርገው?»

«ይዝፈኑ!»

«እኔ?»

ማሞ መሳቅ ጀመረ። «ጓድ፣ ካልዘፈኑማ ኮድ ነው ማለት ነው። ለአብዮቱ ሲሉ ይዝፈኑ እንጂ!»

«ዝም በል አንተ!» አሉት። ግን ማይኩ እጃቸው ገባ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ድምፃቸው በማሽኑ ገዝፎ ሲወጣ ራሳቸው ደነገጡ። ከዚያ ደስ አላቸው መሰለኝ፣ «ኦሆሆ» አሉ። ቀጥለው ያገራቸውን የሠርግ ዜማ በጃፓን ጥሩምባ ላይ ማንቆርቆር ጀመሩ። አይገጥምም፣ እሳቸው ግን ግድ አልሰጣቸውም። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እኔ የማየው ሌላ ነው። ለገሰን። አልተቀመጠም። ወደ ጓሮ በሚያስወጣው የኩሽና በር ተደግፎ ቆሟል። ጠመንጃው ትከሻው ላይ፣ ፊቱ ወደ ጓሮ።

ዘፈኑ አለቀ። ዝም። እዚያ ዝምታ ውስጥ ከእቃ ቤቱ አንድ ሳል መጣ፣ የታፈነች፣ ደረቅ። አንዱን መሳቢያ መዝዤ ሆን ብዬ መሬት ለቀቅኩት፣ ጓ አለ።

«ምን ሆነሽ?» አሉ ጓድ ካሳሁን።

«እጄ አዳልጦኝ ነው። ማሞ፣ ያንተ ተራ! ‹ማ› በል፣ ቶሎ በል!»

«ኧረ ቀስ፣ ምን ያጣድፍሻል?»

«ማሽኑ ሲቆም ይበርደዋል፣ ይበላሻል» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

«ማ!» ብሎ ጮኸ። የሱ ዘፈን ፈጣን ሆኖ ወጣለት። ማሞ ማይኩን ረስቶ እስክስታውን አስነካው፣ ቦት ጫማውን ምንጣፍ ላይ እያንደቀደቀ። ጓድ ካሳሁን ያጨበጭባሉ። እኔም አጨበጭባለሁ፣ እሰይ እላለሁ፣ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነው የሚል ሰው ካለ እናት አያውቅም።

የማሞ ዘፈን ሊያልቅ ሲል እጄን ሳጥኑ ላይ አድርጌ ወደ ለገሰ ዞርኩ። እንዳትቋረጥ፣ እንዳትቋረጥ እያልኩ ነው።

«አንተስ ወንድሜ፣ ስምህ ማነው?» የማውቀውን ነው የጠየቅኩት።

«ለገሰ።»

ወደ ሳጥኑ ዞርኩ። ለ። የለም። ካ አለ፣ ሳ አለ፣ እስከ ዋ ድረስ እጄ ሁሉንም ነካ፣ ለ ግን የለም። ዛሬ ብሆን ካገኘሁት መሳቢያ አንዱን አውጥቼ ይኸውልህ እል ነበር፣ ማን ያውቅብኛል? ድንጋጤ ግን ሰውን እውነተኛ ያደርገዋል።

«የለም» አልኩ። «በ‹ለ› የሚጀምር የላቸውም።»

የማሞ ዘፈን ቆመ።

«የሁሉ ስም አለ፣ የኔ ብቻ የለም?» አለ ለገሰ።

«ጃፓንም አልፈለገችህ!» ብሎ ማሞ ሳቀ።

ለገሰ አልሳቀም። «እሱ ነው ኮዱ» አለ። «አንዱን ፊደል ለምን ይደብቁታል? የደበቁት ነገር ስላለ ነው።»

የጓድ ካሳሁን ፊት እንደገና ኮስተር አለ። «እውነቱን ነው። ይሄ እኔም አልታየኝም ነበር። ለገሰ፣ በል ጓሮውን...»

«ያናትህ ስምስ?» አልኩ። ጮህኩ ማለት ይሻላል። አለቃው ሲናገር አቋርጬ።

«የናቴን ስም ምን ታደርጊዋለሽ?»

«አንዳንዱ እንግዳ ስሙ ካልተገኘ ባናቱ ስም ነው የሚወጣለት።» ውሸት ነው። እንደዚህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ አንዱ አዛወረ። እኔ ጆሮዬ ጓሮ ነው ያለው፣ ልጄ ሆይ አደራ፣ ልጄ ሆይ አደራ።

«ያምሮት» አለ በመጨረሻ።

«ያ!» አልኩ። «አለ! ‹ያ› አለ!» መሳቢያውን ስስበው ሊገነጠል ነበር።

የሱ ዘፈን ለስላሳ ሆነብኝ። ከበሮ የለው፣ ጥሩምባ የለው፣ አንዲት ክር መሳይ ነገር ብቻዋን እየተጎተተች ታለቅሳለች። ምነው ሌላ በወጣ አልኩ፤ ሳል የሚሸፍን አልነበረም። ለገሰ ማይኩን ሶፋው ላይ አስቀመጠው። አልዘፈነም። ወደ ኩሽናው በር ተመልሶ ፊቱን ወደ ጓሮ አዙሮ ቆመ። የዘፈኑ ግማሽ ላይ ደመቀ ሳለ። ሁለቴ። እኔ በደንብ ሰማሁት። ጓድ ካሳሁንና ማሞ ያምሮት ቆንጆ ነበረች ወይ እያሉ እየተሳሳቁ ነው፣ አልሰሙም።

ለገሰ ዞሮ አየኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየ አላውቅም። ከበሩ ተነሳ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ማሽኑ መጣ። አለቀልኝ፣ ሊያጠፋው ነው አልኩ። እጁን ዘርግቶ ድምፁን ጨመረው። እስከ መጨረሻው አዞረው። ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እዚያው ማሽኑ ጎን ዘፈኑ እስኪያልቅ አቀርቅሮ ቆመ።

ሲያልቅ ጓድ ካሳሁን ተነሱ፣ ቀበቷቸውን ከሆዳቸው ሥር ፈልገው አጠበቁ።

«ጓሮውስ?» አለ ማሞ።

«አየሁት» አለ ለገሰ። «ከበሩ ላይ ይታያል። ከሰል ነው።»

«እንግዲያው ምን ብለን ሪፖርት እናድርግ?»

«ዘፈን ነው እንላለን» አሉ ጓድ ካሳሁን። ወደኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ «ሚስቴ ዋጋዬ ነው ስሟ። በ‹ዋ› አለ?»

«ሞልቷል ጓድ።»

ሄዱ። በሩን ዘግቼ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። እቃ ቤቱ ስደርስ ደመቀ የጆንያ ጫፍ አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ አገኘሁት። ጥርሱ ሁሉ ክር ነው፣ ፊቱ ከሰል፣ እንባው መንገድ ሠርቶበታል።

«እማዬ» አለኝ፣ «ማነው እንደዚያ አስቀያሚ አርጎ የሚዘፍነው?»

ስቄ አለቀስኩ፣ አልቅሼ ሳቅኩ። ግን መቆየት አይቻልም። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ጭድ የጫነ የፈረስ ጋሪ ተለምኖ፣ ከጭዱ ሥር ሆኖ ሳንሱሲ ሸማኔ ዘመዳችን ቤት ገባ። መንግሥት እስኪለወጥ እዚያ ሸማ ሲሠራ ቆየ። አሁን ቤቴል ይኖራል፣ ሹፌር ነው፣ ራሱ ሸብቷል። ዛሬም ሰው ሲዘፍን መስማት አይወድም።

እናንተ ይሄን የምታነቡ ልጆች፣ ምን ተለወጠብሽ ብትሉኝ፣ አንደኛ ዓይኔን ከመሬት አነሳሁ። ሦስት የታጠቁ ወንዶች በኔ አፍ ተቀምጠው በኔ አፍ ተነስተዋል። ከዚያ በኋላ ፊቱ ስቆም ጉልበቴ የሚከዳኝ ሰው አልመጣም፣ አሠሪም ቢሆን፣ ዳኛም ቢሆን። ግን እረፍት አልሰጠኝም። እንደውም ያችን የድምፅ መጨመሪያ አልረሳም። ለገሰ ሰምቶ ነው ወይስ የእናቱን ዘፈን ወዶት? ልጠይቀው እያልኩ ስፈራ ስቸር፣ እሱም በተራው ዘመተ ተባለ። አልተመለሰም። ያምሮት የምትባል ሴት የሆነ አገር ቁጭ ብላ ትጠብቀው ይሆናል እያልኩ ስንት ዘመን አሰብኩ። የኔ ተረፈ፣ የሷ ቀረ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፣ እኔ አልቻልኩም።

ያን ሰሞን ግን ልቤ የሞላው በንዴት ነበር። የጠቆሙት እትዬ ብርቄ ናቸው፣ ሌላ ማን ሊሆን? ሰኞ ጠዋት ቦኖ ውሃ ላይ ተገናኘን። እንስራዬን አዙሬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

«አለሚቱ፣ ለምን ፊትሽን ታዞሪብኛለሽ?» አሉኝ።

«ያደረጉትን እርስዎ ያውቁታል።»

«ማሽኑን የጠቆምኩት እኔ ነኝ፣ አልክድሽም» አሉ፣ ውሃው እየተንፏፏ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አርብ ለት እነ ካሳሁን ቤቴ መጥተው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ከጃፓኖቹ ጓሮ የሚታየው ጎረምሳ ማነው አሉኝ። ጎረምሳ አላየሁም፣ እሱን ትታችሁ ኮድ የሚያወሩበትን ማሽን አትጠይቁም ወይ አልኳቸው። ፈረንጁን ቢይዙት ኤምባሲው ያወጣዋል። ያንቺን ልጅ ማን ያወጣዋል?»